የወጥ ቤት የኤሌክትሪክ ዕቃ መቀየር ያለበት መቼ ነው?

የወጥ ቤት ዕቃ ማስቸገር ሲጀምር ብዙ ቤተሰብ ከሁለት ስሕተቶች በአንዱ ላይ ይወድቃል። አንዳንዱ በትንሽ ገንዘብ የሚጠገነውን ዕቃ «አበቃለት» ብሎ ይጥላል፤ ሌላው ደግሞ መጣል የነበረበትን ደጋግሞ እያስጠገነ ከአደጋ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ይኖራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ስለ ናረ የመጀመሪያው ስሕተት ኪስ ይጎዳል፤ ሁለተኛው ግን ሕይወት ሊያስከፍል ስለሚችል እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እርሱ ነው።

ውሳኔውን የሚያቀልል አንድ ጥያቄ አለ፦ የተበላሸው በዕቃው ውስጥ ያለ ተቀያሪ ክፍል ነው ወይስ ክፍሎቹን ሁሉ የተሸከመው የዕቃው አካል? ስፒና፣ ገመድ፣ ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት፣ የበር ጎማ፣ የምጣድ ሽቦ ሁሉም የሚያልቁና የሚተኩ ናቸው፤ እነርሱ ስላለቁ ዕቃው አለቀ ማለት አይደለም። የምጣዱ ቆርቆሮ በዝገት ሲበላ፣ በፍሪጁ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ቱቦ ሲበሳ፣ የኬትሉ መቀመጫ ውሃ ሲያንጠባጥብ ግን አዲስ ክፍል የሚያርፍበት ጤነኛ አካል ስለማይኖር ጥገናው ለጊዜው ማስታገሻ ብቻ ይሆናል።

ይህን ጥያቄ ከመጠየቅ በፊት ደግሞ ችግሩ በእርግጥ ከዕቃው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ ባሉ የቆዩ ቤቶች የግድግዳው መስመር የተዘረጋው ቤቱ ከአንድ አምፖልና ከአንድ ሬዲዮ በላይ በማይጠቀምበት ዘመን ሊሆን ይችላል፤ በልደታ ወይም በግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ደግሞ መስመሩ አዲስ ቢሆንም በበዓል ዋዜማ የሕንፃው ነዋሪ ሁሉ ምጣዱን ባንድ ጊዜ ሲሰካ የኤሌክትሪኩ ኃይል ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ማታ ማታ «አልግል» ያለው ምጣድ ወይም «አላቀዘቅዝ» ያለው ፍሪጅ ንጋት ላይ፣ ሰፈሩ ገና ሳይነቃ፣ እንዴት እንደሚሠራ ይመልከቱ። ንጋት ላይ ደኅና ሆኖ ማታ የሚደክም ከሆነ ችግሩ የመስመር ነው። ቀጥሎ አነስተኛ ኃይል የሚወስደውን ዕቃ በሌላ ክፍል ባለ ሶኬት ላይ ሰክተው ይሞክሩት፤ ይህን ሲያደርጉ ዲቫይደር በመሀል አያስገቡ፤ ዲቫይደሩ ራሱ የችግሩ ምንጭ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነውና።

ሦስተኛው ምርመራ የስፒናው ነው፤ እዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ ማየት ይገባል። ዕቃው እየሠራ ከቆየ በኋላ ያጥፉት፣ ስፒናውን ይንቀሉና በብርሃን ይዩት። ሁለቱ ብረቶች ከሥራቸው አካባቢ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ቀለም ይዘዋል? ብረቶቹን የያዘው ፕላስቲክ ቀልጦ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሏል? የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አለው? አንዱም ካለ በብረቱና በሶኬቱ መካከል ያለው ግንኙነት ስለ ላላ ያ ቦታ በራሱ ይግላል ማለት ነው። ብዙ ሰው ስፒናውን ብቻ ቀይሮ ያንኑ የላላ ሶኬት መጠቀሙን ይቀጥላል፤ አዲሱም ስፒና ብዙ ሳይቆይ ያው ይሆናል። ሁለቱ አብረው መቀየር አለባቸው። ይህ የሶኬት ጉዳይ እንጂ ዕቃውን የሚያስጥል ምክንያት አይደለም፤ ችላ ከተባለ ግን ቤት ያቃጥላል።

አሁን ወደ ዋናው የአደጋ ምልክት እንምጣ። ዕቃው ሲነካ የሚነዝር ከሆነ፣ ንዝረቱ የቱንም ያህል ቀላል ቢሆን፣ ምክንያቱ በባለሙያ እስኪታወቅ ድረስ መጠቀም ማቆም ይገባል። በከተማችን የተለመደ አንድ መጥፎ መፍትሔ አለ፤ «ስፒናውን ገልብጠህ ሰካው» ይባላል፣ ተገልብጦ ሲሰካም ንዝረቱ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ንዝረቱ የሚጠፋው ችግሩ ስለ ተወገደ አይደለም። ሽፋኑ የተጎዳው ሽቦ የዕቃውን ብረት የሚነካበት ቦታ ኤሌክትሪኩ በሚገባበት ጫፍ በኩል መሆኑ ቀርቶ በሚመለስበት ጫፍ በኩል ስለ ሆነ ብቻ ነው። ነገ ሌላ የቤቱ ሰው ሳያውቅ ስፒናውን አዙሮ ሲሰካው፣ በተለይ እጁ እርጥብ ከሆነ ወይም ባዶ እግሩን በእርጥብ ወለል ላይ ከቆመ፣ ዕቃው ሊገድለው ይችላል። ማይክሮዌቭን በመሳሰሉ ዕቃዎች ላይ ሶኬቱ የመሬት መስመር (ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) ስለሌለው ብቻ ቀላል ንዝረት ሊሰማ ይችላል፤ ምጣድ፣ ምድጃና ኬትል ግን እንዲህ ያለ ሰበብ የላቸውም፤ እነርሱ ከነዘሩ የውስጣቸው ሽፋን ተጎድቷል ወይም እርጥበት ገብቷል። ቤትዎ የመሬት መስመር ከሌለው ከማናቸውም አዲስ ዕቃ በፊት ገንዘቡን ለእርሱ ቢያውሉት እመክራለሁ፤ ከዚያም ኤሌክትሪክ ወደ አካል ወይም ወደ መሬት ሲፈስ ወዲያው የሚያጠፋውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ማስገጠም ነው።

በአዲስ አበባ ወጥ ቤት ብዙ ኃይል የሚወስደው የእንጀራ ምጣድ ነው። የተለመደው የሸክላ ምጣድ ከ3500 እስከ 4000 ዋት ገደማ ይፈጃል፤ ይህም በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 18 አምፔር ይሆናል። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ደግሞ ቢበዛ ለ16 አምፔር የተሠራ ነው። ምጣድ ስፒና የሚያቀልጠውም ስለዚህ ነው፤ የራሱ ብሬከር ያለው፣ ከ2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ያላነሰ የመዳብ ገመድ የተዘረጋለት መስመር ያስፈልገዋል፤ በዲቫይደር ፈጽሞ መሰካት የለበትም።

የምጣዱን ጤንነት የሚናገረው እንጀራው ራሱ ነው። እንጀራው በአንድ በኩል ሁልጊዜ ፈዞና ጥሬ ሆኖ የሚወጣ ከሆነ፣ በሌላው በኩል ደግሞ የሚያር ከሆነ፣ በመጀመሪያ ምጣዱ ወደ አንድ ወገን ማዘንበሉን ይመልከቱ፤ ሊጡ ወደ ዝቅተኛው ወገን ስለሚጠራቀም እዚያ ይወፍራል። ምጣዱ ተስተካክሎ ቆሞም ችግሩ ካልተወገደ ከሸክላው ሥር በተፈለፈለው ቦይ ውስጥ የተኛው ጥቅልል ሽቦ በአንዱ ቦታ ተጨማድዶ በሌላው ተለጥጧል ማለት ነው። የእንጀራ መጣበቅ ግን ከኤሌክትሪኩ ጋር አይገናኝም። በደንብ ያልተሟሸ ወይም በሳሙና የታጠበ ምጣድ ይይዛል፤ መፍትሔው ጎመን ዘርና ማሰሻ ስለሆነ በዚህ ምክንያት ምጣድ የሚቀይር ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል።

ሽቦው ሲበጠስ ሁለቱን ጫፎች ጠምዝዞ ማገናኘት የተለመደ ነው። ከዚህ ልማድ መጠንቀቅ ይገባል፤ የተቃጠለው ጫፍ በተቆረጠ ቁጥር ሽቦው ያጥራል፣ ሽቦው ሲያጥር ደግሞ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ ይጨምራል። ሽቦው ከርዝመቱ አንድ አሥረኛውን ቢያጣ ቀድሞ 17 አምፔር ይወስድ የነበረው ምጣድ ወደ 19 አምፔር ያድጋል፤ ብሬከር መጣል ይጀምራል፣ ስፒና ያቃጥላል፣ ሽቦውም ከቀድሞው ይበልጥ ስለሚግል ቶሎ ይበጠሳል። አንድ ጊዜ ማገናኘት ለበዓል ዋዜማ ማለፊያ ይሆናል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ከተበጠሰ ሙሉውን ሽቦ ማስቀየር ነው። ባለሙያው አዲሱን ሽቦ ካስገባ በኋላ ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበትን መጠን፣ ማለትም ኦሙን፣ በመለኪያ እንዲለካልዎ ይጠይቁ፤ 3750 ዋት ለሚወስድ ምጣድ ንባቡ 13 ኦም አካባቢ መሆን አለበት። ከዚህ ብዙ የሚያንስ ከሆነ አጭር ሽቦ ተገጥሟል።

ሸክላው ሲሰነጠቅ ስንጥቁ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ መለየት ያስፈልጋል። በእንጀራው ጀርባ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ የሚያትም የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያለው ምጣድ በጥንቃቄ ጥቂት ጊዜ ሊያገለግል ይችላል። ሊጡ ሲፈስ ስንጥቁ ላይ የሚንጨረጨር፣ ጭስ የሚያወጣ ወይም ጥቁር መስመር የሚያስቀር ከሆነ ግን እርጥበቱ ሽቦው ጋር እየደረሰ ነውና በዚያው ዕለት መጠቀም ያቁሙ፤ እርጥብ ሊጥ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ የጋጋሪዋም እጅ ከሊጡ አይርቅም። እንዲህም ሆኖ መቀየር ያለበት ሸክላው ብቻ ሊሆን ይችላል። ምጣዱን ከነአካሉ አዲስ መግዛት የሚገባው የታችኛው ቆርቆሮ ሲበሳ፣ እግሮቹ ሲወላልቁ፣ ገመዱ ከምጣዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደጋግሞ ሲቃጠል ወይም ክዳኑ አልገጥም ብሎ ሙቀቱን ሁሉ ሲያወጣ ነው።

ፍሪጅን ስንመለከት ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈረድበትን ቀን መምረጥ ይገባል። የበዓል ቅርጫ ሥጋ ገና ትኩስ እያለ በብዛት የገባበት ፍሪጅ በዚያ ቀን ቢደክም አይፈረድበትም፤ መብራት ጠፍቶ የመጣበትም ዕለት እንዲሁ ነው። በሩ ሳይከፈት ከቆየ ፍሪጅ ምግብን መብራት በሌለበት ለ4 ሰዓት ያህል ያቆያል፤ ባዶ ሆኖና ሞቆ ሳለ የተሰካ ፍሪጅ ግን ቅዝቃዜው እስኪረጋ አንድ ሙሉ ቀን ሊፈልግ ይችላል። በተለመደ ቀን ማታ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ብርጭቆ ውሃ ከቴርሞሜትር ጋር ያስቀምጡና ጠዋት ያንብቡ፤ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፍሪጁ ሥራውን እየሠራ ነው። በረዶ ቤቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ መሆን አለበት።

የበሩን ጎማ ለመፈተን አንድ የወረቀት ብር በጎማውና በፍሪጁ አካል መካከል አድርገው በሩን ይዝጉና ይሳቡት። ምንም ሳይዘው ሾልኮ ከወጣ ጎማው በዚያ ቦታ አይገጥምም። ዙሪያውን ሁሉ፣ በተለይ በታችኛው ማዕዘንና በማጠፊያው በኩል ይሞክሩት። ብዙ ጊዜ ጎማው የቆሸሸ ብቻ ስለሚሆን ለብ ባለ ውሃና ሳሙና አጥበው ያድርቁት፤ የደረቀና የተሰነጠቀ ከሆነ መርካቶ ለብዙ ዓይነት ፍሪጅ የሚሆን ጎማ ይገኛል። ሞተሩ ያለ ዕረፍት የሚሠራው በዚህ ሰበብ ብቻ የሆነ ፍሪጅ ብዙ ነው። የፍሪጁ የጎን ግድግዳ መሞቅም በብዙ ዓይነቶች ላይ የተለመደ አሠራር ስለሆነ አያስደንግጥዎ፤ ከግድግዳና ከቁም ሳጥን ጥቂት ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ይበቃል።

ጠጋኙ «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላ» ካለዎ «በየት በኩል ወጣ?» ብለው ይጠይቁት። የፍሪጅ ጋዝ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ስለሆነ በሥራ ብዛት አያልቅም፤ ከቀነሰ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይገኝና ሳይዘጋ ጋዝ መሙላት በተቀደደ ጎማ አየር እንደ መንፋት ነው። ከኋላ በኩል ወይም በመገጣጠሚያው ላይ የዘይት ወዝ ከታየ ቀዳዳው እዚያ ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ከሆነ በብየዳ ይዘጋል። በረዶ በቢላዋ ሲፈቀፈቅ የተበሳ ቱቦ ወይም ግድግዳው ውስጥ የተቀበረው ቱቦ ከሆነ ግን ፍሪጁን ለመቀየር ገንዘብ ማጠራቀም ቢጀመር ይሻላል። በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር 600 ኤ የተባለው ጋዝ ተቀጣጣይ መሆኑንም ልብ ይበሉ፤ በኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም በፍሪጁ ሞተር፣ ላይ ይህ ስም ተለጥፎ ካዩ ጋዙ በአግባቡ ሳይወጣ እሳት ይዞ የሚቀርበውን ጠጋኝ ያስቁሙ።

ሞተሩ «ጠቅ» ብሎ ለመነሣት ሞክሮ፣ ጥቂት አጉረምርሞ መልሶ የሚጠፋ ከሆነ የተበላሸው ርካሽ የሆነው የማስነሻ ሪሌይ ሊሆን ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ሲወርድም ይኸው ምልክት ይታያል። ሪሌይ ተቀይሮ፣ ኃይሉም ደኅና ሆኖ ሞተሩ ካልተነሣ ኮምፕሬሰሩ ሞቷል። የኮምፕሬሰር መቀየር ውድ ነው፤ እኔ በበኩሌ አካሉ ላልዛገ፣ በሩ በደንብ ለሚገጥም ትልቅ ፍሪጅ ካልሆነ በቀር አልመክረውም። አዲስ ቢገዙም የድሮውን ቢያስጠግኑም መብራት ከመጣ በኋላ ጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያበራ መከላከያ ያድርጉለት፤ ኮምፕሬሰር እንደ ጠፋ ወዲያው እንዲነሣ ሲገደድ ይጎዳል።

የጋዝ ምድጃ ነበልባል ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ሆኖ የድስት ቂጥ የሚያጠቁር ከሆነ ጋዙ በሚገባ እየተቃጠለ ስላልሆነ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ሊያወጣ ይችላል፤ መስኮት ከፍተው በመጀመሪያ የነበልባል መውጫዎቹን ያጽዱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፤ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ምድጃ እዚህ ማስተካከያ ሊፈልግ ይችላል። የጋዙን ጎማ በየጊዜው አጠፍ አድርገው ይመልከቱ፤ ስንጥቅ ካወጣ፣ ከደረቀ ወይም የተጻፈበት ጊዜ ካለፈ ሳይውል ሳያድር ይቀየር። መፍሰሱን በሳሙና አረፋ እንጂ በክብሪት አይፈትኑ።

ኬትል ቶሎ ይፈረድበታል፤ ከመቀመጫው ውሃ ካንጠባጠበ ወይም ከታች ያለው መገናኛ ከጠቆረ ይቀየራል። ሲፈላ የማይጠፋ ከሆነ ክዳኑ በደንብ መዘጋቱን ይመልከቱ፤ የሚያጠፋው እንፋሎቱ ስለሆነ ክዳኑ ካልገጠመ አይጠፋም። ውስጡን የያዘው ነጭ ቅርፊት በአቼቶ ወይም በሎሚ ይለቃል። የጁስ መፍጫ ከሥሩ ቢያፈስ የላስቲክ ቀለበቱ፣ ሞተሩ እየዞረ ስለቱ ባይዞር ደግሞ ማገናኛው አልቋል፤ ሁለቱም ይተካሉ። የመቃጠል ሽታና ጭስ ካመጣ ግን የሞተሩ ጥቅል ተቃጥሏልና ለትንሽ መፍጫ ጥገናው አያዋጣም።

ማይክሮዌቭ በማንኛውም ምክንያት ቤት ውስጥ አይፈታ፤ ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ገዳይ ኃይል በውስጡ ሊቆይ ይችላል። ሩብ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በከፍተኛው መጠን በ3 ደቂቃ ውስጥ ካላፈላ ደክሟል። በሩ ከላላ፣ ማጠፊያው ከተሰበረ ወይም ውስጠኛው ግድግዳ በዝገት ከተበሳ ሳያመነቱ ይቀይሩት። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ከሆነ ደግሞ ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ መሆኑን ይወቁ፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ የእኛን 50 ኸርዝ አይለውጥም፤ ስለዚህ ማይክሮዌቩ በከፍተኛ ድምፅ እያጓራ ከመጠን በላይ ይግላል። እንዲህ ያለው ዕቃ ለጥገና ገንዘብ ሊወጣበት አይገባም።

ብዙዎች «የጥገናው ዋጋ ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ ጣለው» የሚለውን መለኪያ ይከተላሉ። የእጅ ዋጋ ውድ ለሆነበት አገር የሚስማማ ይመስለኛል፤ ጥገና ርካሽ፣ አዲስ ዕቃ ውድ በሆነበት በእኛ ከተማ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን ብዙ አያስተምርም። ከዋጋው ይልቅ ያው ብልሽት በአንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ተመላለሰ የሚለውን ይመልከቱ። የተለያየ ክፍል በተለያየ ጊዜ ቢበላሽ ዕቃው እያረጀ ነው፤ ያው ክፍል ደጋግሞ ከተቃጠለ ግን ምክንያቱ ሌላ ቦታ ስላለ እርሱ ካልተገኘ አዲስ ዕቃ መግዛቱም አይፈይድም። ጠጋኙ ያወጣውን አሮጌ ክፍል እንዲያስረክብዎ ሁልጊዜ ይጠይቁ፤ ምን እንደ ተቀየረ በዓይን ይታያል፣ መርካቶ ወርዶ ተመሳሳዩን ለመፈለግም ይጠቅማል።

እንዲቀየር የተወሰነው ዕቃ በረንዳ ላይ መቆለል የለበትም። ለቆራሌው ቢሰጥ ወይም ወደ ምናለሽ ተራ ቢሄድ ብረቱና መዳቡ ከጥቅም ይውላል። የፍሪጁን በር አስቀድመው ይንቀሉት፤ በጨዋታ መሀል የሚገባበት ሕፃን ከውስጥ መክፈት አይችልም። ቱቦዎቹንም አይቁረጡ። ዕቃው የሚነዝር ከሆነ ደግሞ ገመዱን ከሶኬት ነቅለው ከሥሩ ቆርጠው ያስቀሩት፤ ገመድ የሌለውን ዕቃ የሚገዛው ሰው ሳያስመረምር ሊሰካው አይችልም።